በሳፋ ሳይሞከር የፈሰሰው መድኃኒት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ያኔም ተናድጄ ነበር፣ ዛሬም አልበረደልኝም። «ይሄ ሁሉ ለዓሣ ነው እንዴ?» የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። አዎ፣ ለዓሣ ነው። የጥፍር ቁራጭ ለሚያህሉ ሦስት ሺህ የዓሣ ጫጩቶች። ዘጠኝ ቤተሰብ እነሱን ተስፋ አድርጎ ነበር የሚያድረው። ታሪኩን ከሰማችሁ በኋላ የምትፈርዱትን ፍረዱ።

ስሜ ብዙነሽ ነው። የተወለድኩት አርባ ምንጭ ነው፣ አባቴም ዓሣ አጥማጅ ነበር። አዲስ አበባ መጥቼ ሀና ማርያም ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ኑሮዬ ልብስ አጠባ ነው። ጠዋት በታክሲ ጀሞ ኮንዶሚኒየም እሄዳለሁ፣ ከብሎክ ብሎክ እየዞርኩ የሰው ልብስ ሳጥብ እውላለሁ። አጣቢ የሆነ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ በረኪና የሚሞከረው ከጫፍ ነው። የማታውቁትን ልብስ ዝም ብላችሁ አትነክሩም። ከማይታየው እጥፋት ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርጋችሁ ትጠብቃላችሁ። አንሶላ የቻለውን በረኪና የሕፃን ቀሚስ አይችለውም። ይህን ያስተማረኝ ምሁር የለም፤ ያስተማረችኝ ያበላሸኋት የሰው ሰማያዊ ሸሚዝ ናት።

ሌላው ነገሬ ደግሞ ዝምታ ነበር። የተማረ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። የሚሉኝን ሁሉ «እሺ» እላለሁ። ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ እኔም አምኜበት ነበር።

ኩሬው ያለው ኦቦ ደቻሳ ጓሮ ነው። ኦቦ ደቻሳ የሰፈሩ ነባር ገበሬ ናቸው። ዛሬ ፎቅ የቆመበትን ሜዳ በበሬ ያርሱት ነበር። አሁን የቀረቻቸው አንዲት ጓሮ ናት። ከፊሏ ላይ ሰርቪስ ቤት ሠርተው አከራዩ፣ በቀረችው ላይ ደግሞ እኛ ዘጠኝ ሴቶች ተደራጅተን ኩሬ ቆፈርን፣ ጥቁር ወፍራም ላስቲክ አነጠፍን። እሳቸው መሬቱን ሲሰጡን «በሬ የዋለበት ላይ ዓሣ ይዋልበት፣ ምን ይደረግ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ከእኛ ይልቅ እሳቸው ናቸው ኩሬው ዳር ተቀምጠው የሚውሉት።

በኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ይመጣል። ሰው ሁሉ በበርሜሉም በጀሪካኑም ሞልቶ ያስቀምጣል። የቧንቧ ውሃ እንደመጣ ለዓሣ እንደማይሆን፣ አድሮ መድኃኒቱ መውጣት እንዳለበት ስንደራጅ በሰጡን ሥልጠና ነግረውናል። ስለዚህ ለኩሬውም ሁለት በርሜል ሁሌ አሳድረን እንይዝ ነበር።

ጫጩቶቹ በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ጥቂቶቹ ክንፋቸው ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አወጡ። በሥልጠናው የጨው እጥበት ተምረን ስለነበር ጨው ገዛሁ። እኔ አጣቢዋ ግን ሦስት ሺውን በአንዴ ጨው ውስጥ አልዘፈቅኩም። ሰማያዊዋን የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን አመጣሁ፣ አሥር ጫጩት አስገብቼ ትንሽ ጨው ጨመርኩ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ቻሉት። በማግስቱ ሃያ አደረግኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የታመሙትን በየተራ እያጠብኩ ስመልስ ሳምንት ሳይሞላ ነጩ ነገር እየቀነሰ መጣ። ኦቦ ደቻሳ «ልብስ ብቻ መስሎኝ ነበር የምታጥቢው» ይሉኝ ነበር።

እንዲህ እያልን ሳለ ነው ዶክተሩ የመጣው።

ዶክተር እንለዋለን እንጂ የምን ዶክተር እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። ድጋፍ ያደርግልን ከነበረው መሥሪያ ቤት በወር አንዴ ይመጣል፣ ፎርም ያስሞላል፣ ይሄዳል። የዚያን ሐሙስ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እየተጣደፈ ገባ። በአንድ እጁ ጀሪካን ይዟል፣ በሌላው የታጠፈ ወረቀት። ጎንበስ ብሎ ኩሬውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ነጭ ነገር ምንድነው?»

«ታመው ነበር ዶክተር። በጨው እያጠብናቸው ነው፣ አሁን በጣም ቀንሶላቸዋል» አልኩ። ሳፋዬ ውስጥ የዚያን ቀን ተረኞች፣ ሃያ የሚሆኑ ጫጩቶች ነበሩ።

«ነገ እንግዶች ይመጣሉ። ከላይ፣ ካሜራ ይዘው! ይሄን ላሳያቸው ነው እንዴ? በጨው ስትጫወቱ ከረማችሁ?»

ጀሪካኑን ሲከፍተው ሽታው አይኔን አስለቀሰኝ። ኦቦ ደቻሳ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ዋቃዮ! ይሄ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚያደርጉበት አይደለም እንዴ?»

«ፎርማሊን ነው አባባ። ለዓሣም መድኃኒት ነው፣ ዓለም የሚጠቀምበት ነው» አለ።

እዚህ ላይ አልዋሸም። በኋላ እንደተረዳሁት በልኩ ከሆነ መድኃኒት ነው። ዋናው ነገር ያለው ልኩ ላይ ነው። ወረቀቱን ኩሬው ጠርዝ ላይ ዘርግቶ ሲያሰላ እኔም በትከሻው በኩል አነበብኩት። በአማርኛ ነው የተጻፈው። ከላይ «ለትልልቅ ዓሦች» ይላል። ከታች ደግሞ «ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው ሙሉ በሙሉ ይቀየር» ይላል።

 ምላሴን እንደምንም ፈታሁት።

«ዶክተር፣ ይሄ ለትልልቆቹ ነው የሚለው። የኛዎቹ ገና ጫጩት ናቸው።»

«ዓሣ ዓሣ ነው።»

«ውሃው ይቀየር ይላል። ውሃ የሚመጣው ቅዳሜ ነው፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አንድ ቀን ቢቆይ ምንም አይሆንም።»

«እሺ፣ መጀመሪያ አሥሩን በሳፋ ልሞክርና ልየው? እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ...»

ቀና ብሎ አየኝ። በዕድሜ ታላቁ ነኝ፣ አንቺ እያለ ነው የሚያናግረኝ። «ሴትዮ፣ ይሄ ወጥ አይደለም፣ እየቀመስሽ ጨው የምትጨምሪበት!» አለ።

ሴቶቹ ሳቁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ፤ እኔም ሳቅኩ። አብሬ ሳቅኩና «እሺ» አልኩ።

ለኩ፣ አፈሰሰ፣ በእንጨት አማሰለው። የኩሬውን ውሃ መጠን የወሰደው ከፋይሉ ነው፤ ኩሬው ሲሞላ የሚይዘውን። የዚያን ቀን ውሃው ከግማሽ ትንሽ ነበር ያለፈው። ይህን እንኳ ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ አልነበረውም። «ነገ ጠዋት ጥርት ብለው ታገኟቸዋላችሁ» ብሎ ከአራት ሰዓት በፊት ሄደ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ ጫጩቶቹ ከታች መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ ሁሉም። አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አየር ይጎርሳሉ። አባቴ ዓሣ አፉን ወደ ሰማይ ካቀና ውሃው ከድቶታል ይል ነበር። ፀሐዩ እየከረረ ነው፣ ውሃው እየሞቀ ነው። አንዷ በጎኗ ተንሳፈፈች፣ ቀጥላ ሌላዋ። ሳፋውን ዞሬ አየሁ። ሃያዎቹ በጨዋማ ውሃቸው ውስጥ ሽር ይላሉ።

ስልክ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። በአምስተኛው ላይ ተዘጋ። እስከ ቀኑ መጨረሻ አሥራ አንድ ጊዜ ደውያለሁ፤ አንድም አላነሳም።

ቧንቧውን ከፈትኩት፣ እፍ ብሎ ነፋስ አወጣና ዝም አለ። ሁለቱን በርሜል ኩሬው ውስጥ ገለበጥን፣ ምንም ለውጥ አላመጣም። ጓደኞቼ አፋቸውን ይዘው ቆመዋል። አንዷ «በኢየሱስ ስም!» እያለች ትጸልያለች። እኔም አማኝ ነኝ፣ ግን ጸሎቱን በእግሬ ለማድረግ ወሰንኩ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን በር ያንኳኳሁት የታደለችን ነው። ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነበር። ልጁን ታቅፋ ከፈተችልኝ።

«ታዱ፣ ውሃ አለሽ?»

«አለኝ፣ ለልጁ ያስቀመጥኳት አንድ በርሜል ናት። ምነው ብዙዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ጫጩቶቹ እየሞቱብን ነው።»

ታደለች ኩሬያችን ውስጥ ድርሻ የላትም፣ ዓሣም አትወድም። በርሜሉን አየች፣ ልጇን አየች፣ እኔን አየች። ውሃ እስከ ቅዳሜ እንደማይመጣ ከእኔ እኩል ታውቃለች።

«ውሰጃት» አለች። «ልጁን በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ጀሪካኑን ያዥ፣ እኔ በጆግ እየቀዳሁ ልሙላልሽ።»

ከዚያ በር ለበር ዞርኩ። የመንደሩ ሰው በጀሪካን፣ በባልዲ፣ በድስት ውሃውን ይዞ መጣ። ለመጠጥ ያስቀመጠውን ያመጣም ነበር። ሳፋ ያለው ሳፋ፣ የሕፃን ገላ መታጠቢያ ያለው እሱኑ። አድሮ የሰነበተ ውሃ ስለሆነ ለዓሣ የሚስማማ ነበር፤ ችግራችን ለአንድ ቀን ጠቀመን። ኩሬውን ማጠብ እንደማንችል ስለገባን ጫጩቶቹን በወንፊት እየጨለፍን ወደ ሳፋዎቹ አሻገርን። ኦቦ ደቻሳ በዚያ ዕድሜያቸው እስከ ጉልበታቸው ኩሬው ውስጥ ገቡ። የፎርማሊኑ ሽታ ዓይናቸውን እያቃጠለው፣ እንባቸው እየወረደ ይጨልፋሉ። «ውጡ ኦቦ፣ እግርዎን ያቃጥልዎታል» ስላቸው «ዝም በይ! ቶሎ ተቀበይኝ!» ብለው ጮሁብኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጨለፍ በሕይወት ያለ ነገር አልቀረም። ቆጠርን። ከሦስት ሺው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተረፉ። ከእነዚህ ሃያዎቹ መጀመሪያውኑም ሳፋዬ ውስጥ የነበሩት ናቸው፤ አንድም አልሞተባቸውም። የሞቱትን ኦቦ ደቻሳ ከጓሮው ጥግ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯቸው። 

አርብ ጠዋት ዶክተሩ መጣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፣ የኔን ጉድ ስሙ። በአየር የተነፋ ትልቅ ላስቲክ ታቅፏል፤ ውስጡ ሌሎች ጫጩቶች አሉ። ከሌላ ቦታ ያመጣቸው ናቸው፣ ያማሩ፣ የሚያብረቀርቁ። ባዶውን ኩሬ ሲያይ አልደነገጠም፣ ምን እንደሆነም አልጠየቀንም። ያኔ ገባኝ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሲደወልለት ጫጩቶቹ እየሞቱ መሆኑን አውቋል፣ እያወቀ ነው ያላነሳው።

«እነዚህን ከነውሃቸው አንዱ በርሜል ውስጥ ጨምሯቸው፣ እንግዶቹ እሱን ያያሉ» አለ። ቀጥሎ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። «ይህን ደግሞ ፈርሙ።»

ቃለ ጉባኤ ነው። «በአባላቱ የውሃ አያያዝ ጉድለት ምክንያት ጫጩቶቹ ሊሞቱ ችለዋል» ይላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው! ስለ ፎርማሊን አንድ ፊደል የለበትም።

«ካልፈረማችሁ ድጋፉ ይቋረጣል፣ ለናንተው ብዬ ነው» አለ ድምፁን አለስልሶ። ሁለት ጓደኞቼ ፈረሙ። አልፈርድባቸውም፤ ከአንድ ቀን በፊት እኔም እፈርም ነበር። እስክሪብቶው እጄ ገባ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ «እሺ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ያኔ በሩ ተከፈተና እንግዶቹ ገቡ። አምስት ይሆናሉ፤ ፊት ፊት ፋይል የያዘች ጎልማሳ ሴት አለች፣ ከኋላቸው ካሜራ የያዘ። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ላስቲኩን ለኦቦ ደቻሳ አቀበላቸውና «ወደ በርሜሉ» አላቸው። ኦቦ ደቻሳ ግን አልተንቀሳቀሱም፣ እኔን አዩኝ። ዓይናቸው ከትናንትናው ገና እንደቀላ ነበር።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ኦቦ፣ ወደ በርሜሉ ለምን? ኩሬው እያለ! ወደ ኩሬው ይጨምሯቸው እንጂ» አልኩ።

ኦቦ ደቻሳ ላስቲኩን ይዘው ወደ ኩሬው ተራመዱ። ዶክተሩ ዘሎ ክንዳቸውን ያዘ።

«አይ! እዚያ አይሆንም!»

«ለምን አይሆንም?» አለች ባለ ፋይሏ ሴት። እንዲሁ ለማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

«ውሃው... ገና አልጠራም። ይሞታሉ።»

ከአፉ ሲወጣ ሁላችንም ሰማነው። እሱም ራሱን ሰማው።

«ትናንት ለኛዎቹ ጠርቶ ነበር?» አልኩት። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «የእርስዎዎቹ ነፍስ አላቸው፣ የኛዎቹ አልነበራቸውም? ሳፋ ልሞክር ስል ሳቁብኝ። ውሃ ቅዳሜ ነው የሚመጣው አልኩዎት። የራስዎ ወረቀት ይቀየር ይላል፣ እርስዎ ግን ቢቆይ ምንም አይሆንም አሉኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ከሁለት ሳምንት አራስ ውሃ ነጥቄ ነው እነዚህን ያተረፍኳቸው!» ሳፋዎቹን ለባለ ፋይሏ ሴት በእጄ አሳየኋት። ኩሬው ጠርዝ ላይ ረስቶት የሄደውን ወረቀት ከደረቴ አውጥቼ ለሴትየዋ ሰጠኋት።

አነበበችው። ዶክተሩን አየችው። እሱ ጫማውን እያየ ነበር።

አሁን ፍትሕ ሆነ ብላችሁ ከጠበቃችሁ አታውቁንም። «በኋላ እናየዋለን» አለች፣ ወረቀቱን ፋይሏ ውስጥ ከተተችው። አዲሶቹ ጫጩቶች በርሜሉ ውስጥ ተገለበጡ፣ አጠገባቸው ፎቶ ተነሡ፣ ዶክተሩም መልሶ ወደ ላስቲኩ ጨልፎ ይዟቸው ወጣ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሄዱ። ወረቀቱ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ዶክተሩ ግን ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሰዎች እያሠለጠነ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ማን ምን እንደሚያሠለጥን እግዜር ይወቀው።

ያ ቃለ ጉባኤ ግን አልጸደቀም። ከዘጠኛችን ሰባታችን አልፈረምንም፣ የፈረሙት ሁለቱም ስማቸውን ሰርዘው መለሱለት። ከሳምንታት በኋላ ጭቃ የነካው ቦቲ ያደረገች ወጣት ባለሙያ መጣች። ፎርማሊን ከውሃው ውስጥ አየሩን እንደሚያሳጣ፣ ሙቀት እንደሚያብሰው፣ ትልቁ ዓሣ የሚቋቋመውን ጫጩት እንደማይቋቋመው፣ አንዱ ኩሬ የቻለውን ሌላው ላይችለው እንደሚችል ቁጭ ብላ አስረዳችን። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጥቂቱን ለብቻ መሞከር የሥራው ሕግ ነው አለች። ሕጉ ነው! እኔ የተሳቀብኝ ሕጉን በመናገሬ ነው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከንዴት የመጣ ልቅሶ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ዓሣ ላታረቡ ትችላላችሁ። ልጅ ግን ታሳክማላችሁ፣ መድኃኒት ትቀበላላችሁ፣ የሚፈረም ወረቀት ይሰጣችኋል። «ይሄ ለአዋቂ ነው ወይስ ለሕፃን?» ብላችሁ ጠይቁ። «የት ተሞከረ?» በሉ። የሚያውቅ ባለሙያ ስትጠይቁት ደስ ይለዋል፤ የሚስቅባችሁን ፍሩት። አብራችሁትም አትሳቁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ሲነቅዝ አይቻለሁ፣ ሲሸትም አሽትቻለሁ።

የተረፉት ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ አድገው ለገበያ በቅተዋል። ታደለች በራችን ባለፈች ቁጥር «ውሃዬ እንዴት ዋለች?» ትለኛለች፤ ዓሦቹን ማለቷ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓሦች ውሃ ለሰጠን ቤት ሁሉ አዳረስን። እኔ አሁንም ልብስ አጥባለሁ። ሰማያዊዋ ሳፋ ግን ከኩሬው አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅላ ነው የምትውለው፣ ለሌላ ሥራ አትወርድም።

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ጮኸ። ዶክተሩ ነው። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ወይዘሮ ብዙነሽ፣ እንዴት ነዎት? ዓሦቹ አድገዋል ሲሉ ሰማሁ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ለተሠራው ሥራ ሪፖርት እያዘጋጀሁ ነው፣ አንድ ፎቶ ቢልኩልኝ?»

«እልካለሁ» አልኩት።

ወደ ጓሮው ጥግ ሄድኩ። ኦቦ ደቻሳ እዚያ ጓሮ ውስጥ ስንዝር መሬት ባዶ አይተዉም፤ ጎመን፣ ድንች፣ ሽንኩርት እስከ አጥሩ ድረስ ነው። ጫጩቶቹን የቀበሩባትን ያችን ጥግ ግን እስከ ዛሬ አልዘሩባትም። ባዶውን አፈር ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፣ ከሥሩም «እርስዎ በነበሩበት ጊዜ የተሠራው ይኸው ነው» ብዬ ጻፍኩ።